የታሸገው ቤንዚን

ትናንት ከሰዓት በኋላ አዘዞ መንገድ ዳር፣ አንድ የባጃጅ ሾፌር ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጀሪካን ሲከፍት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ክዳኑ ገና ግማሽ ዙር ሳይዞር ፉሽሽ አለና የሞቀ ቤንዚን ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን አዙሮ ያልፋል። እኔ ግን እዚያው ደርቄ ቀረሁ፤ ደሜ ፈላ። ልጁ ደንግጦ «ምነው እናት፣ ፈሰሰብሽ እንዴ?» አለኝ። ምንም አልፈሰሰብኝም። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር አንድ የቆየ ንዴት ይቀሰቀስብኛል፤ ዓመታት አልፈውም አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ያኔ የነርስነት ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነበር። ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ ጣሪያዋም ግድግዳዋም ቆርቆሮ የሆነ ጤና ጣቢያ መደቡኝ። ቆርቆሮ ቤት በቆላ ምን ማለት እንደሆነ ያልኖረበት አያውቀውም። ረፋድ ላይ ውስጡ መቆም ስለማይቻል በሽተኞቼን የማየው ውጪ ዳስ ሥር ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላና ቀበሌዋ ከመንገድም ከገበያም ከወረዳም ትቆረጣለች። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ይተዋል፣ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ወንዙ ግን ቶሎ አይጎድልም። ሰሊጥ የሚደርሰውም ያኔ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ በአገሩ አጠራር ሳሉጎች፣ ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወንዙ ዳር ተኮልኩለው መሻገሪያ ይጠብቃሉ።

መሻገሪያው አንዲት ሞተር ጀልባ ነበረች፤ አንድ የእርዳታ ድርጅት የሰጣት። ሞተሩ ከኋላዋ ተንጠልጥሏል። ቤንዚኑ የሚቀመጠው ግን ጀልባዋ ወለል ላይ ባለ ቀይ የፕላስቲክ ሰልባትዮ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በቀጭን ጎማ ወደ ሞተሩ ይሄዳል።

ነጂዋ ሃምሳውን ያለፉ ወሎዬ ነበሩ። በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ቆላ ወርደው የሰፈሩ፣ ጉልምስናቸውን በትራክተር ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። የትራክተር ጩኸት ጆሯቸውን ስለጎዳው አጠገባቸው ላለ ሰው እንኳ ማዶ እንዳለ አድርገው ነው የሚጮኹት። «ሲስተር! ደህና አደርሽ!» ሲሉኝ ወንዙ ዳር ያሉ ወፎች ይነሣሉ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሞተሯን ሁልጊዜ «እሷ» ነው የሚሏት። «ዛሬ እሷ አኩርፋለች፣ ቀስ ብለን እናባብላት» ሲሉ ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል። መጀመሪያ አካባቢ ይስቅ ነበር ማለቴ ነው።

ሞተሯ አንድ አመል ነበረባት። በጠዋት ብርድ እያለ ያለምንም ችግር ትመላለሳለች። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ግን መሐል ወንዝ ላይ ታስላለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ጸጥ ትላለች። ያንን ጸጥታ አሁንም እሰማዋለሁ። ድንገት የውሃው ድምፅ ብቻውን ይቀራል፤ ከዚያ የቤንዚን ሽታ አፍንጫ ይሰብራል፤ ከዚያ ደግሞ አንዷ እናት «በስመ አብ!» ትላለች። ጋሼ እሳት የሚረጨውን የሞተሩን ካንዴላ ይፈቱታል፤ ሁልጊዜም በቤንዚን ርሶ ይወጣል። በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉታል፣ እፍ ይሉበታል። ሞተሩ ላይ ውሃ ያፈሱበታል፤ ጎማውን በረጠበ ጆንያ ይጠቀልሉታል። ገመዱን እየሳቡ ላባቸው ጢማቸው ላይ ይንጠባጠባል። ወንዶቹ በረጅም እንጨት መሬት እየነኩ ይገፏታል፤ ውሃው እየወሰደን ከመሻገሪያው ብዙ ርቀን እንወርዳለን።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቆላ ውስጥ ቤንዚን በሙቀት ይሸሻል ይባላል፤ እውነትም ይሸሻል። ስለዚህ ማንም ቤት ያለ ጀሪካን አፉ ላይ ላስቲክ ይለብሳል፣ ክዳኑም በላስቲኩ ላይ ይጠብቃል። ያን ያላደረገ ሰው እንደ አባካኝ ይታያል። ጋሼም የለመዱት ይህንኑ ነበር። በጠዋቱ ጉዞ ክዳኑን እንዲያው ጣል ያደርጉበታል፤ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ላስቲክ ያለብሱና መዳፋቸው እስኪቀላ ያጠብቁታል። በክዳኑ አናት ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን ነበረች። ምን እንደምትሠራ ማናችንም አናውቅም። ስልጠና ሊሰጥ የመጣው ሰውዬ የሕይወት ጃኬት አለባበስ ሲያሳየን ውሎ፣ ፎቶ አንስቶን ሄደ እንጂ ስለ ብሎኗ ትንፍሽ አላለም።

ጋሼ ላይ የተነሣውን ወሬ ማን እንደጀመረው እንኳ መጠየቅ አያስፈልግም። የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ሰሊጡ ማዶ ሆኖ፣ ሠራተኞቹ ወዲህ ዳር ቀርተውበት የከሰረ ቀን የተናደደ ሰው። «ሰውዬው ቤንዚኑን እየሸጠ ነጭ ጋዝ ይቀላቅልበታል። ጋዝ ደግሞ ፀሐይ አይችልም» አለ። ከማን ሰማ? ከማንም። ምን አየ? ምንም። «ባለፈው በጋ ቤቱን በቆርቆሮ ከድኗል፤ ከየት አመጣው?» የሚል ጨመረበት። ያ ቆርቆሮ የጋሼ የራሳቸው ሰሊጥ ያወጣው እንደሆነ አጭደው የከመሩላቸው ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ያውቃሉ። እያወቁ ግን «እውነት ነው» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የሊቀመንበሩ ምላስ ብቻ አይደለም፤ የእነዚያ የሚያውቁ ሰዎች ራስ መነቅነቅ ነው።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ንብረት ያዡ። ከዚያ በኋላ ቤንዚኑን በጠዋት ንብረት ያዡ ይቀዳል፤ ሰልባትዮው ላይ ድርብ ላስቲክ ይለብሳል፣ ክዳኑ ይጠብቃል፣ በላዩ በሽቦ ይታሰራል፣ ሽቦው ላይ የቀበሌው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይለጠፋል። ጋሼ እንዳይነኩት። የራሳቸውን ሞተር የሚያበሉትን ቤንዚን እንዳይከፍቱ፣ እንዳያዩ፣ እንዳያሸቱ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ሲያሳሽጉ አይቻቸዋለሁ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም።

እና ምን ሆነ? ሞተሯ ባሰባት። ቀድሞ አልፎ አልፎ ነበር የምትቆመው፤ አሁን ፀሐይ በወጣ ቁጥር ሆነ። እያንዳንዱ መቆም ደግሞ አዲስ ማስረጃ ተደረገ። «ይኸው! አሽገንበትም ይቀላቅላል!» ይላሉ። እኔ አፌን መያዝ አልቻልኩም። የታሸገ ነገር ውስጥ በየት በኩል ነው የሚቀላቅሉት ብዬ በሰው ፊት ጠየቅኩ። ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። «ሲስተር፣ አንቺ መርፌሽን ያዥ» አለኝ። ሰው ሳቀ። ወገኖቼ፣ ሰው ሳቀ!

የጋሼ ወር ተራ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነበር። የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ነበራቸው፤ በየወሩ በአንዱ አባል ቤት ተሰብስበው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ጽዋውን ለቀጣዩ ያስረክባሉ። ሚስታቸው ጠላውን ጠምቀው፣ ዳቦውን ደፍተው፣ ግቢውን ውሃ ረጭተው ነበር። እኔ የጎረቤታቸውን ሕፃን ቁስል አጥቤ ስመለስ ጠሩኝ፤ «ነይ ልጄ፣ ግቢ፣ እንግዶቹ እስኪመጡ ጥላ ያዥ» አሉኝ። ገባሁ። አግዳሚው ተደርድሯል፣ ጣሳዎቹ ታጥበው ተደፍተዋል። ማንም አልመጣም። ረፈደ፤ ከዚያ ከሁለት ቤት ወዲያ ዝማሬ ተሰማ። ማኅበሩ ጋሼን ዘሏቸው ወደሚቀጥለው ቤት አልፎ ነበር። መጥቶ የነገራቸው እንኳ የለም። በዝማሬው ነው ያወቁት።

ሚስታቸው ጓዳ ገቡ። ጋሼ አግዳሚው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። ያ ሁልጊዜ የሚጮኽ ሰው፣ ያን ቀን ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ። «እኔ እኮ የሰው ቤንዚን ቀርቶ የሰው ሚስማር አንስቼ አላውቅም» አሉ። ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት። የሚናገሩት ለባዶው አግዳሚ ነበር። ወጥቼ ያንን ዝማሬ ያለበት ቤት በድንጋይ ብደበድበው ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲህ ስላችሁ አላፍርም።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ይብሳል። ኮሚቴው ጉዳዩን ለወረዳ ሊያቀርብ ወሰነ፤ ሰውዬው ከሥራ ይባረር፣ ይከሰስም አሉ። ወረዳው ያለው ሸሕዲ ነው፤ ሸሕዲ ለመሄድ ደግሞ ወንዙን መሻገር አለ፤ ጀልባዋ አንድ፣ ነጂዋም አንድ ናቸው። ስለዚህ ሊቀመንበሩና ሽማግሌው ሊከሷቸው ሲሄዱ የሚያሻግሯቸው ራሳቸው ጋሼ ሆኑ! ሊቀመንበሩ አላፈረም። ዣንጥላውን ዘርግቶ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። እኔም ካላዛር የጠረጠርኩባቸውን ሰዎች የደም ናሙና በበረዶ ሣጥን ይዤ ተሳፍሬ ነበር። ሊቀመንበሩ እስኪለባብስ ስንጠብቀው ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጥታለች። ሰልባትዮው ጎኑ ተነፋፍቶ ከበሮ መስሏል፤ አየሁት፣ ግን ምንም አላልኩም፤ በሙቀት የማይነፋ ነገር ቆላ ውስጥ የለማ።

መሐል ወንዝ ላይ ሞተሯ አሳለች። ተንቀጠቀጠች። ጸጥ አለች።

«ኸላስ! አለቀ!» አለ ሊቀመንበሩ በድል አድራጊነት። «በዓይናችን አየን። አባ፣ እርስዎም ምስክር ነዎት።» ሽማግሌው «አየሁ፣ አየሁ» አሉ፤ በአንድ እጃቸው የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጠዋል። ጋሼ እንጨቱን አንስተው እየገፉ ከውሃው በላይ ብቅ ያለ የአሸዋ ጉብታ ላይ አደረሱን። በጉብታው ላይ ጥላ የለም። በረዶዬ መቅለጥ ጀምሯል።

ሊቀመንበሩ ያኔ አንድ ሐሳብ መጣለት። ከቦርሳው ውስጥ ባዶ የሃይላንድ ውሃ ጠርሙስ አወጣ። ለወረዳው ናሙና ልይዝ ነው አለ፤ የተቀላቀለውን ቤንዚን በእጁ ይዞ ሊገባ። ከመካከላችን ማኅተሙን መክፈት የሚችለው እሱ ብቻ ነውና ወረቀቱን በራሱ ጣት ቀደደው፤ ሽቦውን ፈታው፤ ክዳኑን አዞረው። ፉሽሽሽ! ላስቲኩ ተፈናጥሮ ፊቱን መታውና ወደ ኋላው አሸዋው ላይ ተቀመጠ። የሰልባትዮው ጎን ጎድጎድ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ቤንዚኑን ቀዳ፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው፣ አሸተተው። ለሽማግሌው ሰጣቸው። «ይሄማ ደህና ቤንዚን ይመስላል እኮ» አሉ ሽማግሌው። «ይሁን፤ ባለሙያ ያየዋል» አለ ሊቀመንበሩ፤ ጠርሙሱን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ጋሼ በዚህ መሐል ካንዴላውን ጠርገው መልሰዋል። ላስቲኩን ውሃ ወስዶታል፤ ክዳኑን እንዲያው ጣል አደረጉበት። ገመዱን ሳቡ። ሞተሯ ተነሣች። በዚያ ንዳድ፣ በዚያ ፀሐይ፣ አንዴም ሳታስል ዳር አደረሰችን።

ሊቀመንበሩ ሊወርድ ሲነሣ ጋሼ ክንዱን ያዙት። «ቆይ» አሉት። «የምትሄድበት ቦታ አይሸሽም። ላስቲክ አለህ አይደል? አልብሰውና እንደለመድከው እሰረው።» ድምፃቸው ተመልሶ ነበር፤ ዳር ያሉት ሳሉጎች ሁሉ ዞሩ። ሊቀመንበሩ እምቢ ሊል አስቦ የሰውን ዓይን ፈራና ዳቦውን ከጠቀለለበት ፌስታል ቀዶ ክዳኑን ደግሞ አጠበቀው። ጋሼ ሞተሯን አስነስተው በቆመችበት ተዉአት። ጠበቅን። ፀሐይ ሰልባትዮው ላይ ወረደች፤ ጎኑ ቀስ እያለ ተነፋ። ሞተሯ አሳለች። ተንቀጠቀጠች። ጸጥ አለች። ጋሼ ክዳኑን ከፈቱ፤ ፉሽሽ አለ። ጠረጉ፣ ሳቡ፣ ተነሣች። ለካ የተነፋው ሰልባትዮ ቤንዚኑን በጎማው በኩል ከልክ በላይ እየገፋ ነበር ሞተሯን የሚያንቃት። ቤንዚኑ እንዳይሸሽ፣ ደግሞም እንዳይሰረቅ ብለን ባጠበቅነው ቁጥር ነው ስትታፈን የኖረችው። ኋላ ስናያት ያቺ ትንሽ ብሎን ስትላላ እንፋሎቱን የምታወጣ ኖራለች፤ ላስቲኩ ግን ከሥር ይደፍናት ነበር።

«ልድገመው?» አሉ ጋሼ።

እኔ እንባዬ መጣ። ይቅርታ ጠይቋቸው አልኩ፤ አልኩ ሳይሆን ጮኽኩ። ሽማግሌው ትከሻዬን ነካ አድርገው «ተይ ልጄ፣ ነገር አታባብሺ። ተረስቶ ይለፍ» አሉኝ። ተረስቶ ይለፍ! ማን ነው የሚረሳው? ሌባ የተባለው ሰው ነው የሚረሳው ወይስ ሌባ ያለው? በደለኛ ሁሉ ሲጋለጥ አስታራቂ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ሊቀመንበሩ ያን ቀን ወረዳ ገብቶ ምን እንዳለ አላውቅም። ቀበሌው ስብሰባ ላይ ያለውን ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ኮሚቴው ባደረገው ጥብቅ ክትትል የሞተሩ ብልሽት ተለይቶ መፍትሔ አግኝቷል» አለ። ተጨበጨበ። እጄን አውጥቼ ብልሽቱ ራሱ ኮሚቴው እንደነበር፣ አንድ ንጹሕ ሰው ስሙ እንደጠፋ፣ ስሙ በጠፋበት አደባባይ እንዲመለስለት ተናገርኩ። «አስተያየትሽ ተይዟል» አሉኝ። ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። ማኅበርተኞቹም ጋሼ ዘንድ ለይቅርታ አልመጡም። አንዱን አባል ስጠይቀው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እሱስ ቢሆን፣ ምንም ከሌለበት ያን ያህል ጊዜ ለምን ዝም አለ?» አለኝ። ቢጮኹ ኖሮ ደግሞ «ምንም ከሌለበት ለምን ይጮኻል» ሊሉ ነበር። አውቃቸዋለሁ።

ጋሼ ሥራቸውን አላቋረጡም። ብሎኗን ከፍተው፣ ሰልባትዮውን በረጠበ ጆንያ ጥላ አድርገውለት፣ ሰሊጡ ታጭዶ እስኪያልቅ አገሩን ሁሉ አመላለሱ። የዘለሏቸውን ማኅበርተኞች ሳይቀር። ኅዳር ላይ ወንዙ ሲጎድል ግን ገለጉ የተዳረችው ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ መሆኑን ሰማሁ። ቤቱን እንዳለ ለቀውታል።

የሚሄዱ ዕለት ጠዋት ወንዙ ዳር ሳገኛቸው ሞተሯን ፈትተው በንጹሕ ውሃ ደለሏን ያጥቡ ነበር። ጥፍራቸው በማይደርስበት ቦታ በቀጭን ስንጥር እየጫሩ ያወጡታል። ሌላ ሰው ተቀጥሯል፤ ከእንግዲህ አይነዷትም። ንዴቴ በእሳቸውም ላይ ዞረ። «ጋሼ፣ ለእነዚህ ሰዎች ነው እስከ መጨረሻው የሚደክሙት?» አልኳቸው። ቀና እንኳ አላሉም።

«ሰዎቹን ተያቸው» አሉ። «እሷ ምን አጠፋች?»

ውሃው ከጉልበት አይበልጥም ነበር። ጋሼ ሱሪያቸውን ሰብስበው የታሰረውን ዕቃ ተሸከሙ፤ ሚስታቸው ፍራሹን በጀርባቸው አዝለው ተከተሉ። ከላይ፣ ከጤና ጣቢያው ዳስ ሥር፣ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። ያን ሁሉ ክረምት ሸክሙን፣ በሽተኛውን፣ ሙሽራውን፣ ማዳበሪያውን ያሻገሩለት ሰው። አንድ እንኳ ወርዶ አልተቀበላቸውም። እኔ ሮጥኩ። መሐል ላይ ደርሼ ፍራሹን ከሚስታቸው ጀርባ ተቀበልኩ፤ ሦስታችንም አብረን ወጣን።

ማዶ ስንደርስ ጋሼ ዕቃቸውን አስቀመጡና እግሬን አዩ። «ሲስተር!» አሉ፣ እንደ ድሮው ጮኽ ብለው፤ «ጫማሽን ሳታወልቂ ገብተሽ እኮ ነው!» እውነትም አላወለቅኩትም ነበር፤ አልታወቀኝም። ጎንበስ ብለው ማሰሪያውን ፈቱልኝ፤ ጫማዎቹን ደፍተው ውሃውን አፈሰሱ፤ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አሰጧቸው። «አሸዋው ያቃጥልሻል፤ ሳይደርቁ እንዳትነሺ» አሉኝ። ከዚያ ዕቃቸውን አንስተው ከሚስታቸው ጋር በሰሊጥ ቃርሚያው መሐል መንገዱን ያዙ። ጫማው ወዲያው ነው የደረቀው። እኔ ግን እዚያው ብዙ ተቀመጥኩ።